ርካሽ የሠራዊት ትርፍ ጠመንጃ መግዛትና መያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ወዳጁ ብዙ ነው። ዋጋው ከአዲስ የአደን ጠመንጃ ያንሳል። ብረቱ ጠንካራ ነው። ታሪክም ይዞ ይመጣል። ብዙ ገዢ ግን ዋጋውን ብቻ አይቶ ይገዛና ስለ በርሜሉና ስለ ጥይቱ መጠየቅ የሚጀምረው ብረቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች ከግዢ በፊት ቢነሱ ገንዘብም ያተርፋሉ፣ ከአደጋም ያድናሉ።

የሠራዊት ትርፍ ጠመንጃ የሚባለው የትኛው ነው?

አንድ ሠራዊት አዲስ መሣሪያ ሲታጠቅ አሮጌው መጋዘን ይገባል። ዓመታት ካለፉ በኋላ መንግሥት በጅምላ ለነጋዴ ይሸጠዋል። ከዚያ በችርቻሮ ለሰብሳቢውና ለኢላማ ተኳሹ ይደርሳል። በብዛት የሚገኙት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን የተሠሩ፣ ቦልታቸው በእጅ እየተሳበና እየተገፋ የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ናቸው። ቦልት ጥይቱን የሚያጎርሰውና ከኋላ የሚቆልፈው ተንሸራታች ብረት ነው። እንደ ኤስኬኤስና ኤም 1 ጋራንድ ያሉ፣ ራሳቸው ጥይት የሚያጎርሱም አሉ። በእነዚህ ላይ ግን በብዙ አገር ሕጉ ይጠብቃል።

ለምንድን ነው የረከሱት?

ስለበዙ ነው። ሞሲን ናጋንትን የሩሲያ ሠራዊት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ከዚያ ወዲህ በአሥር ሚሊዮኖች ተመርቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶቪየት ማደሻዎች የተረፉትን ሰበሰቡ፣ ፈታተው ጠገኑ፣ በወፍራም ቅባት ነክረው በሣጥን አሸጉ። የተቀመጡት ለሚቀጥለው ጦርነት ነበር። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሣጥኖቹ ወደ ገበያ ወጡ።

ያ ዘመን አልፏል። ክምችቱ እየተሟጠጠ ዋጋውም እየናረ ነው። የዛሬው ርካሽነት ከአዲስ ጠመንጃ ጋር ሲነጻጸር ነው። በዚያ ላይ የጥይት፣ የፈቃድ፣ የመቆለፊያ ሣጥን እና የባለሙያ ምርመራ ወጪ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጠመንጃው ዋጋ ቢበልጥ አይግረምዎ።

ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ? አሮጌ አይደለም እንዴ?

የሚተኮስ ከሆነ አሮጌም ቢሆን መሣሪያ ነው። ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር ላይ ያሉ ከሆነ ዕድሜው ነፃ አያወጣዎትም። ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ የሆነውና የፋብሪካ ይዘቱን የጠበቀ ጠመንጃ በሰብሳቢዎች ልዩ ፈቃድ ሊገዛ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እንዳይተኮሱ ተደርገው ለሚሸጡ መሣሪያዎች የጋራ መመሪያ አለው። በአንዳንድ አገር የሠራዊት ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ ለሲቪል ሰው ጭራሽ ክልክል ነው። አንድ አገር የተፈቀደ ነገር ድንበር ሲሻገር ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ብር ከመክፈልዎ በፊት ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ወረቀት የሌለው ጠመንጃ በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም። ሻጩ “ወረቀቱ በኋላ ይመጣል” ካለዎት ትተውት ይሂዱ።

የትኛውን ልግዛ?

መጀመሪያ ጥይቱን ይምረጡ፣ ከዚያ ጠመንጃውን። ጠመንጃ የሚገዛው አንዴ ነው፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ ይገዛል። ጥይቱ የማይገኝ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም።

ሞሲን ናጋንት ለጀማሪ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። ጥይቱ 7.62 በ54 ሚሊሜትር ነው። ፒኬኤም መትረየስም እሱኑ ስለሚተኩስ ዛሬም ይመረታል። 91/30 የሚባለው ሞዴል 1 ሜትር ከ23 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ቦልቱ ደረቅ ነው። ጥንቃቄ ቁልፉ ደግሞ ጠንካራ ጣት ይፈልጋል፤ የቦልቱን ጭራ ወደ ኋላ ጎትተው ማዞር አለብዎት። ግን ጠመንጃው ቶሎ አይበላሽም፣ በቀላሉም ይፈታል።

ማውዘር የሚፈልግ ሰው የጀርመኑን 98ኬ ዋጋ ሲያይ ይደነግጣል። የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል። የቼኮዝሎቫኪያውን ቪዜድ 24 ወይም ከጦርነቱ በኋላ የተሠራውን የዩጎዝላቪያ ኤም 48 ይፈልጉ። ለእኔ በዚህ ዋጋ ከሚገኙት ሁሉ ኤም 48 የተሻለ ነው። ብዙዎቹ ብዙም ሳይተኮሱ መጋዘን የገቡ ናቸው፣ በርሜላቸውም ንጹሕ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የኤም 48 አካል ከ98ኬ ትንሽ ያጥራል። ቦልቱ በ98ኬ ቦልት አይተካም። “ማውዘር ሁሉ አንድ ነው” ብሎ መለዋወጫ የሚሸጥልዎትን አይመኑ።

የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቦልቱ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ካዝናውም 10 ጥይት ይይዛል። የጣሊያኑ ካርካኖ ስሙ ያለአግባብ ጠፍቷል፤ ትክክለኛ ጥይት ካገኘ በደንብ ይተኩሳል። ችግሩ ጥይቱ በስድስት ስድስት የሚታቀፍበት ብረት ነው። ማቀፊያው ከጥይቱ ጋር ካዝናው ውስጥ ይገባል። እሱ ከሌለ ካዝናው አይሠራም። የ6.5 ሚሊሜትሩ ካርካኖ እርሳስ፣ ማለትም ከጥይቱ ተለይቶ የሚወረወረው ጫፍ፣ ከሌሎች 6.5 ጠመንጃዎች እርሳስ ትንሽ ስለሚወፍር በሌላ እርሳስ የተሞላ ጥይት ኢላማ ይስታል።

የስዊዙ ኬ 31 እና የስዊድኑ ማውዘር በጣም ትክክል ተኳሾች ናቸው፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው። በኬ 31 ሰደፍ ብረት ሥር አንዳንዴ የመጨረሻው ወታደር ስምና ክፍል የተጻፈበት ወረቀት ይገኛል። ካገኙት እዚያው ይተዉት። ኤስኬኤስ የሚተኩሰው የክላሽንኮቭን 7.62 በ39 ነውና በጥይት በኩል አያስቸግርም።

ሻጩ ጋ ስሄድ ምን ልይ?

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። “ባዶ ነው” ቢባሉም ቦልቱን ይክፈቱ። ጥይት ማጉረሻውንና ካዝናውን በዓይን ይዩ፣ በጣትም ይዳስሱ።

ቀጥሎ በርሜሉ። ቦልቱን ያውጡና ከኋላ በኩል ብርሃን አስገብተው በአፈሙዙ ይመልከቱ። ውስጡ የተጠማዘዙት ቦዮች ጠርዛቸው ጥርት ብሎ መታየት አለበት። የጠቆረ በርሜል ሁሉ መጥፎ አይደለም። ብዙ ጊዜ አሮጌ ቅባት ነው። ሻጩን አስፈቅደው በዘይት የራሰ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳልፉበት። ቡናማ ዝቃጭ ወጥቶ ብረቱ ካበራ ጥሩ ነው። ከጨርቁ በኋላም ጥቃቅን ጉድጓድ ከታየ ዝገት በልቶታል። ቦዮቹ ስለታም ከሆኑ ጥቂት ጉድጓድ ያለበትም ደህና ሊተኩስ ይችላል፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

ከበርሜሉ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያረጀው አፈሙዙ ነው። ወታደሩ የብረት ዘንግ ከፊት እያስገባ ለዓመታት ስለጠረገው አፉ ይሰፋል። ለዚሁ የተሠራ መለኪያ ያለው ባለሙያ ይለካልዎት። አንዳንድ ሞሲኖች አፋቸው ሲያረጅ ማደሻው ጫፉን ወደ ውስጥ ቦርቡሮ እርሳሱ ካልተበላው ቦይ እንዲወጣ አድርጓል። ለተኳሽ ችግር የለውም። ለሰብሳቢ ግን ዋጋ ይቀንሳል።

እንጨቱን ሲያዩ ከቦልቱ ኋላ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ይዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከላይ በቫርኒሽ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ብርሃኑን አጋድመው ያብሩበት። በመጨረሻ ባዶውን ወጥረው ቦልቱን ጠንከር አድርገው ይዝጉ። ምላጩ ሳይነካ መርፌው (ጥይቱን መትቶ የሚያስነሳው ብረት) ከተፈታ አይግዙ።

ቁጥሮቹ መመሳሰል አለባቸው?

በአካሉ፣ በቦልቱ፣ በካዝናው ክዳንና በሰደፉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ማደሻ የገቡት ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው ተቀላቅሏል። ሶቪየቶች የድሮውን ቁጥር ፍቀው ወይም ሰርዘው አዲሱን መትተዋል። መጠየቅ ያለበት የቦልቱ ቁጥር ነው። የቦልቱ ቁጥር ከአካሉ ከተለየ የሚቀጥለውን መልስ በጥንቃቄ ያንብቡ።

የቦልት ክፍተት የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ጥይቱ ጎርሶ ቦልቱ ሲዘጋ ጥይቱ ከኋላው ሊኖረው የሚገባ መላወሻ በጣም ጥቂት ነው። መላወሻው ከበዛ ቀለሁ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይቀደዳልም። ያን ጊዜ የጋለው ጋዝ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው።

የሚለካው በሦስት የብረት መለኪያዎች ነው። በመጀመሪያው ላይ ቦልቱ መዘጋት አለበት። በሁለተኛው ላይ መዘጋት የለበትም። በሦስተኛው፣ በጦር ሜዳ መለኪያው ላይ ከተዘጋ ጠመንጃው ሳይጠገን አይተኮስም። ሥራው የጠመንጃ ባለሙያ ነው፤ ጊዜም አይፈጅም። የሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ቦልት ጫፉ ስለሚፈታ ባለሙያው ረዘም ባለ ጫፍ ቀይሮ ክፍተቱን ሊያስተካክል ይችላል። ሌሎቹ እንዲህ አይቀሉም። አሮጌ ጠመንጃ ሳያስለኩ አይተኩሱ። በዚህ ጉዳይ ላይ “ምንም አይል” የሚል ምክር አይቀበሉ።

ጭራሽ መተኮስ የሌለባቸው አሉ?

አዎ። “ዲፒ” የሚል ምልክት የተመታባቸው የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ለሰልፍ ልምምድ ብቻ የተተዉ ናቸው። ብዙዎቹ በርሜላቸው ወይም ማጉረሻቸው ሆን ተብሎ ተበስቷል። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠራው የአሜሪካ 1903 ጠመንጃ ቁጥሩ ከ800,000 በታች ከሆነ፣ በሮክ አይላንድ የተሠራው ደግሞ ከ285,507 በታች ከሆነ ብረቱ ሲጋል ከመጠን በላይ ተቃጥሎ ሊሰባበር የሚችል ነው። ሰቅለው ይዩት። የካናዳው ሮስ ቦልቱ ተፈትቶ በስህተት ሊገጠም ይችላል። እንዲያ ሲሆን ሳይቆለፍ ስለሚተኩስ በሚገባ የሚያውቀው ሰው ሳያየው አይነካም።

ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ እና የዘመን አቻዎቹ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬ ባሩድ ግፊቱን አይችሉትም። የጀርመኑ የ1888 ጠመንጃም ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው በርሜል የተሠራው ለቀጭን እርሳስ ነው። በኋላ የመጣው የ7.92 ማውዘር ጥይት ግን ወፍራም ነው። ጥይቱ ስለጎረሰልዎ ልኩ ነው ማለት አይደለም። በርሜሉ ይለካ።

ቅባቱን እንዴት ላስለቅቅ?

ከመጋዘን የወጣ ጠመንጃ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ወፍራም ቅባት ይሸፍነዋል። ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው በብሩሽ ይጥረጉ። ሥራው ክፍት አየር ላይ ይሁን። በቤንዚን አይሞክሩ፤ ትነቱ እንኳ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ሰው የሚዘነጋው የቦልቱን ውስጥ ነው። በኤስኬኤስ ላይ ይህ መዘንጋት አደገኛ ነው። የኤስኬኤስ መርፌ በአብዛኛው ሞዴሉ መላሽ ሞላ የለውም፤ በነፃ ይንሸራተታል። ደርቆ የቀረ ቅባት መርፌውን ወደ ፊት ይዞ ካስቀረው ቦልቱ ሲዘጋ ጥይቱ ምላጭ ሳይሳብ ይፈነዳል። አንዳንዴም ካዝናው እስኪያልቅ አይቆምም። ቦልቱን ፈትተው ሲያነቃንቁት መርፌው ቀጭ ቀጭ እያለ በነፃ መሄዱን ጆሮዎ ይስማ።

እንጨቱ ቅባቱን ጠጥቷል። በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ያውሉት፣ ሲያልበው በጨርቅ ይጥረጉ፣ ይድገሙት። በአሸዋ ወረቀት አይፋቁ፤ የፋብሪካና የማደሻ ማህተሞቹ አብረው ይጠፋሉ። ሲደርቅ የተልባ ዘይት በስሱ መቀባት በቂ ነው። ዘይቱን የነካውን ጨርቅ ግን ጨምድደው አይጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅም ማንም ሳይለኩሰው በእሳት ይያያዛል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

አሮጌ የሠራዊት ጥይት መተኮስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን በርሜሉን ለዝገት ይዳርጋል። በድሮ ጥይቶች፣ በተለይ በምሥራቅ አውሮፓ ለአሥርት ዓመታት በተመረቱት፣ ቀስቃሹ (መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል) ፖታሲየም ክሎሬት አለው። ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ብረቱን ይበላል። ጥሩ በርሜል በጥቂት ቀን ቀይ ሆኖ ሊያዩት ይችላሉ።

መፍትሔው ውኃ ነው። ዘይት ጨው አያሟሟም። ዘይት ብቻ ቀብቶ ያስቀመጠ ሰው ጨውን ከሥር አሽጎ አስቀመጠ ማለት ነው። በተኮሱበት ቀን ቦልቱን ያውጡ፣ ከማጉረሻው በኩል ሙቅ ውኃ ያፍስሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡ። የቦልቱን ፊትና መርፌውንም አይርሱ። በኤስኬኤስና በጋራንድ ላይ ጋዙ የሚያልፍበት ሁሉ ይታጠባል። አንዳንዶች የመስታወት ማጽጃ ይረጫሉ። ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ውስጡ ያለው ውኃ ነው።

ምላጭ ስበው ካልተኮሰ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ያረጀ ቀስቃሽ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ቀለሁ የዛገ፣ የተሰነጠቀ ወይም አረንጓዴ ያወጣ ጥይት አይጉረስ። የብዙ ትርፍ ጥይት እርሳስ ብረት አለው። በማግኔት ይለያል። ብልጭታው ደረቅ ሣር ስለሚያቃጥልና የብረት ኢላማ ስለሚያበላሽ ብዙ የመተኮሻ ሜዳ አይቀበለውም።

ለጋራንድ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ከባድ እርሳስና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ያለው የዘመኑ የአደን ጥይት የጋራንዱን መግፊያ ዘንግ ያጎብጠዋል። ለጋራንድ ተብሎ የተዘጋጀ ጥይት ይግዙ።

የሞሲኔ ቦልት ጥቂት ከተኮስኩ በኋላ ይደርቅብኛል። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ማጉረሻው ውስጥ የቀረ ቅባት ነው። ብረቱ ሲግል ቅባቱ ለስልሶ ቀለሁን ይይዘዋል። በማጉረሻው ልክ ብሩሽ ይፈልጉና በነጭ ጋዝ አርሰው ብረቱ እስኪያበራ ይጥረጉ። ይህ ካልረዳ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ቦልቱን በመዶሻ የሚመታ ሰው አይቻለሁ። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ አይመታም።

ከኢላማው በላይ የሚመታውስ?

የተለመደ ነው። የወታደር ማነጣጠሪያ የተስተካከለው ለሩቅ ውጊያ ስለሆነ በ100 ሜትር ከፍ ብሎ ይመታል። 91/30 ደግሞ ሳንጃው እንደተሰካ ነበር የሚስተካከለው፤ ያለ ሳንጃ ወደ ጎንም ይሄዳል። የፊቱን ማነጣጠሪያ አይሞርዱ። ከፍ ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ይገጠም። አሮጌውን በከረጢት ያስቀምጡት።

ቆርጬ፣ አሳምሬ የአደን ጠመንጃ ባደርገውስ?

ንብረቱ የእርስዎ ነው። እኔ ግን እለምንዎታለሁ፣ አያድርጉት። በርሜሉ የተቆረጠ፣ እንጨቱ የተላጨ ጠመንጃ ወደ ነበረበት አይመለስም። በአንዳንድ አገርም የበርሜል ርዝመት በሕግ የተወሰነ ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ከእንግዲህ አይመረቱም። ለማደን ከፈለጉ ቀድሞ በሌላ ሰው የተቆረጠ ይፈልጉ። በጣም ርካሽ ነው፣ የሚበላሽም ታሪክ የለውም።

ቤት ውስጥ እንዴት ላስቀምጠው?

ባዶ ሆኖ፣ በተቆለፈ የብረት ሣጥን። ጥይቱ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ። ልጅ ባለበት ቤት “ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጬዋለሁ” ዋስትና አይሆንም። ቁልፉ የት እንዳለ ከእርስዎ ሌላ ማወቅ ያለበት ሕጉ የፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። በቤቱ ውስጥ የከፋው ወይም የተጨነቀ ሰው ካለ ጠመንጃው ለጊዜው ሕጉ በሚፈቅደው ሌላ ቦታ ይቆይ። ይህን ለማድረግ አይፈሩ፣ አይዘግዩም።

በጨርቅ ወይም በቆዳ ከረጢት ለረጅም ጊዜ አያስቀምጡ፤ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ። የቆዳ ማንገቻውንም ፈትተው ለብቻው ያኑሩት። ብረቱን በስሱ ዘይት ቀብተው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሣጥኑ ውስጥ ይጨምሩ። በየሁለት ወሩ አውጥተው ይዩት። ዝገት የሚጀምረው እንጨቱ ብረቱን በሸፈነበት መስመር ላይ ነው፤ ጣትዎን በዚያ በኩል ያሳልፉ።